ከቆዳ ስር ያለ የስብ እብጠት፦ ከምላጩ በፊትና ከምላጩ በኋላ

ትከሻ፣ ጀርባ ወይም ክንድ ላይ ከቆዳ ስር የሚዳሰስ፣ ለስለስ ያለ፣ የማያም፣ ጣት ሲያርፍበት ወደ ጎን ሸሸት የሚል እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ሊፖማ ነው። ሊፖማ ከተራው የሰውነት ስብ ብዙም በማይለዩ የስብ ሴሎች የተሠራ፣ በስስ ሽፋን የተጠቀለለ፣ ካንሰር ያልሆነ እብጠት ነው። ከመቶ ሰዎች በአንዱ ገደማ ላይ ይገኛል፤ በብዛት የሚታየውም ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ ነው። እሱን ማውጣት ከቀዶ ጥገና ሥራዎች ሁሉ ከቀላሎቹ ተርታ ይመደባል። ለአብዛኛው የአካባቢ ማደንዘዣ ይበቃል፤ ታካሚውም በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ቀላል መባሉ እውነት ነው፤ ቀላል የሆነው ግን መቁረጡ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ነገር የሚበላሸው በአብዛኛው ከመቁረጡ በፊት ወይም ከወጣ በኋላ ነው። እብጠቱ ምን እንደሆነና በየትኛው የሰውነት ንጣፍ ውስጥ እንደተቀመጠ ሳይጣራ ምላጭ ሲነሳ ይበላሻል። ከወጣ በኋላ የሚቀረው ባዶ ቦታ ሲዘነጋም ይበላሻል። ስለዚህ እዚህ ላይ ብዙ የምቆየው በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው።

መውጣት አለበት ወይ?

አብዛኛው ሊፖማ መውጣት የለበትም። ዓመታት ሙሉ በአንድ መጠን የቆየ፣ የማያም፣ ልብስም ሆነ ሥራ የማያውክ እብጠት ቢተው ጉዳት የለውም፤ ተራ ሊፖማ ወደ ካንሰር ይለወጣል ተብሎም አይፈራም። ለማውጣት በቂ ምክንያት የሚሆኑት ሕመም፣ እያደገ መሄድ፣ የቦርሳ ማንገቻ ወይም ቀበቶ የሚያርፍበት ቦታ ላይ መሆን፣ በመልክ ምክንያት የሚመጣ ጭንቀት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሊፖማ ስለመሆኑ ያደረ ጥርጣሬ ናቸው። የመልክ ነገር ሲነሳ ለታካሚው በግልጽ ሊነገረው የሚገባ ጉዳይ አለ፤ እብጠቱ ሲሄድ ጠባሳ ይተካዋል። ልብስ የሚሸፍናት የ2 ሴ.ሜ. እብጠት በደረት ወይም በትከሻ ላይ ባለ ወፍራም ጠባሳ ብትለወጥ ትርፉ የቱ ጋ እንደሆነ አስቀድሞ ማሰብ ይበጃል።

ክብደት በመቀነስ ሊፖማ አይጠፋም። እንዲያውም በዙሪያው ያለው ስብ ሲሳሳ እሱ ይበልጥ ጎልቶ ይወጣል። ቅባት፣ ማሸት፣ በሙቅ ነገር መተኮስ አያሟሟውም። ቤት ውስጥ በመርፌ ወይም በምላጭ መውጋት ደግሞ ከከንቱነት አልፎ ጉዳት ነው፤ ውስጡ ፈሳሽ ሳይሆን ሥጋ መሰል ስብ ስለሆነ የሚፈስ ነገር የለም። የሚገኘው ማመርቀዝና ጠባሳ ብቻ ነው። ያ ጠባሳ ደግሞ ሽፋኑን ከዙሪያው ስብ ጋር ስለሚያጣብቀው በኋላ የሚመጣውን ቀዶ ጥገና ያከብደዋል።

መንስኤው ሁሉ አልታወቀም። በብዙ ሊፖማዎች ውስጥ በ12ኛው ክሮሞሶም ላይ፣ ኤችኤምጂኤ2 በሚባል ጂን አካባቢ የተፈጠረ ለውጥ ተገኝቷል። በአንዳንድ ቤተሰብ ይወረሳል፤ ያኔ ክንድና ጭን ላይ በርካታ እብጠቶች አንድ ላይ ይታያሉ። ብዙ ሆነው የሚያሙ ከሆነ ሐኪሙ የዴርከም በሽታን ያስባል። አንገትና ትከሻ ዙሪያ ግራና ቀኝ እኩል የሚያብጠው የማዴሉንግ በሽታ ደግሞ ከብዙ ዓመት ከባድ የአልኮል መጠጥ ጋር አብሮ ይታያል፤ እሱ ሽፋን የሌለውና በጡንቻ መካከል የሚሰራጭ ስለሆነ በአካባቢ ማደንዘዣ የሚሞከር አይደለም።

ጣት የሚናገረው

ምርመራው የሚጀምረው በጣት ነው። በአንድ እጅ ቆዳውን ቆንጠጥ አድርጎ ማንሳት፤ ሊፖማ ከሆነ ቆዳው ብቻውን ይነሳል፣ እብጠቱ ከስር ይቀራል። ቀጥሎ የእብጠቱን ጠርዝ በጣት ጫፍ መጫን፤ ጠርዙ ከጣቱ ስር ሾልኮ ያመልጣል። ይህ ማምለጥ ከሊፖማ ምልክቶች ሁሉ የሚታመነው ነው። ቆዳው ከእብጠቱ ጋር አብሮ ከተንቀሳቀሰ፣ መሐሉ ላይም ጥቁር ነጥብ ካለ የቆዳ ከረጢት ነው። እሱን ሲያወጡ ከላዩ ያለችው ትንሽ ቆዳ አብራ መውጣት ስላለባት የአቆራረጡ ቅርጽ ከመጀመሪያው ይለያል።

ሁለተኛው ጥያቄ ጥልቀቱ ነው። ታካሚው ከእብጠቱ ስር ያለውን ጡንቻ እንዲወጥር ይጠየቃል። እብጠቱ ከጡንቻው በላይ ከሆነ ሲወጠር ጎላ ብሎ ይታያል፣ መንቀሳቀሱንም አይተውም። ጡንቻው ሲወጠር ከጠፋ ወይም ከተቸነከረ ከጡንቻው ስር ወይም ውስጡ ነው፤ ያ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። ይህ ፈተና ጥቂት ሰከንድ ብቻ ይወስዳል። በመዘንጋቱ ግን የአካባቢ ማደንዘዣ የተወጋ ታካሚ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ፣ ቁስሉ ተከፍቶ፣ እብጠቱ ሳይገኝ ይቀራል።

ምላጭ ፈጽሞ መነሳት የሌለባቸው ቦታዎችና ሁኔታዎችም አሉ። ብሽሽትና ሆድ ላይ ያለ እብጠት ሲያስል የሚገፋ ከሆነ ሄርኒያ (በሆድ ግድግዳ ክፍተት ሾልኮ የወጣ የሆድ ዕቃ) ነው፤ ሊፖማ መስሎት የቆረጠ ሰው አንጀት ያገኛል። የሚመታ እብጠት የደም ቧንቧ ነው። በሕፃን ወገብ ላይ፣ አከርካሪው መሐል መስመር ላይ ያለ የስብ እብጠት፣ በተለይ ጸጉር የበቀለበት ወይም ጎድጎድ ያለ ቆዳ ያለበት ከሆነ፣ ከአከርካሪ ገመድ ጋር የተያያዘ ሊሆን ስለሚችል ያለ ኤምአርአይ አይነካም።

ከዚያ የካንሰር ጥርጣሬ ይመጣል። ከ5 ሴ.ሜ. በላይ የሆነ፣ በወራት ውስጥ የጨመረ፣ ከጡንቻ ሽፋን በታች ያለ፣ የሚያም፣ ጠንከር ያለ ወይም ከዚህ በፊት ወጥቶ የተመለሰ እብጠት በአካባቢ ማደንዘዣ እዚያው የሚቆረጥ አይደለም። አልትራሳውንድ ቀጥሎም ኤምአርአይ ያስፈልገዋል፤ ጥርጣሬው ካልጠፋ በወፍራም መርፌ ናሙና ተወስዶ ይመረመራል። ሊፖሳርኮማ የሚባለው የስብ ካንሰር ሴሎቹ ከተራ ስብ ብዙም የማይለዩ ዓይነት አለው፤ በማይክሮስኮፕ እንኳ ከተራ ሊፖማ ጋር ስለሚመሳሰል ኤምዲኤም2 የሚባለው ጂን መብዛት አለመብዛቱ በላቦራቶሪ ይታያል። ይህን ዓይነቱን እብጠት ሳያውቁ መክፈት ሴሎቹን በዙሪያው ባለው ሥጋ ላይ ይበትናል። መስመሩ በተሳሳተ አቅጣጫ ከተቆረጠም የሁለተኛውን ቀዶ ጥገና ስፋት ይጨምራል፤ ትክክለኛው ሥራ የሚሠራው ሐኪም የመጀመሪያውን ቁስል መንገድ በሙሉ አብሮ ማውጣት ይኖርበታልና።

በአልትራሳውንድ ሊፖማ እንደ ሞላላ ሆኖ ከቆዳው ጋር ትይዩ ተኝቶ ይታያል፤ ውስጡ ስስ ነጫጭ መስመሮች አሉት፣ የደም ፍሰቱም ከምንም አይቆጠርም። በኤምአርአይ ደግሞ በሁሉም ምስል ላይ ከቆዳ ስር ካለው ስብ ጋር እኩል ይደምቃል፣ የስብን ድምቀት በሚያጠፋው ምስል ላይም አብሮ ይጠቁራል። የማይጠቁር ክፍል ካለው ወይም ውስጡን የሚከፋፍሉት ግድግዳዎች ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከወፈሩ ጥርጣሬው ይቀጥላል።

ከመተኛቱ በፊት

ታካሚው ደም ማቅጠኛ ይወስድ እንደሆነ፣ ስኳር ያለበት እንደሆነ፣ ለማደንዘዣ ወይም ለአዮዲን ቆዳው ይቆጣ እንደሆነ፣ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት እንደሆነ፣ ያለፈ ቁስሉ ኬሎይድ (ከቁስሉ ወሰን አልፎ የሚያድግ ወፍራም ጠባሳ) ሠርቶ ያውቅ እንደሆነ ይጠየቃል። አስፕሪን ለልቡ የሚወስድ ሰው ለዚህች ሥራ ብሎ ማቆም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልገውም። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው የደሙ መርጋት ልኬት ይታይለታል። ማንም ግን በራሱ ፈቃድ መድኃኒቱን አቋርጦ መምጣት የለበትም፤ ከቆዳ ስር ከሚጠራቀም ደም ይልቅ አንጎል ውስጥ የሚረጋ ደም እጅግ የከፋ ነው። መጾምም አያስፈልግም። በአካባቢ ማደንዘዣ ለሚሠራ ሥራ ባዶ ሆድ የሚጠቅመው ነገር የለም፤ መርፌ ሲታይ ራስን መሳትን ያቀላል እንጂ።

ምልክት የሚደረገው ከማደንዘዣው በፊት ነው። በማይለቅ ብዕር የእብጠቱ ዙሪያ በሙሉ ይሳላል፣ የሚቆረጠው መስመርም ይሰመራል። መድኃኒቱ ከተወጋ በኋላ አካባቢው በሙሉ ስለሚያብጥ ጠርዙ በጣት አይገኝም፤ ትንሽ እብጠት ከሆነማ ጨርሶ ይጠፋል። ብዙ እብጠት ያለበት ታካሚ የትኞቹ እንዲወጡለት እንደሚፈልግ በራሱ ጣት ያሳይ፣ ሁሉም ምልክት ይደረግባቸው። ተኝቶ ከተሸፈነ በኋላ ማስታወስ ያስቸግራል።

የመስመሩ አቅጣጫ ቆዳው ዘና ሲል የሚታጠፍበትን ይከተላል። ካርል ላንገር በ1861 በአስከሬን ቆዳ ላይ በክብ መውጊያ ብዙ ቀዳዳዎች ወግቶ፣ ቀዳዳዎቹ ክብ ሆነው እንደማይቀሩ፣ ይልቁንም በየአካባቢው በአንድ አቅጣጫ ተስበው ሞላላ እንደሚሆኑ በካርታ መልክ አሳይቶ ነበር። ዛሬ የሚሻለው መመሪያ በሕያው ሰው ላይ ቆዳውን ቆንጠጥ አድርጎ ሽብሽቡ በየት በኩል እንደሚተኛ ማየት ነው። ሽብሽቡን ተከትሎ የተቆረጠ ቁስል ሳይወጠር ይገጥማል፣ ጠባሳውም ይቀጥናል።

ማደንዘዣው

እዚህ ላይ ቁጥር መሳሳት አይገባም። የሚወጋው ማደንዘዣ ሊዶካይን ነው፤ 1 በመቶው በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም፣ 2 በመቶው ደግሞ 20 ሚሊ ግራም ይይዛል። ያለ አድሬናሊን (የደም ስርን ለማጥበብ አብሮ የሚጨመር መድኃኒት) ከፍተኛው መጠን በኪሎ 4.5 ሚሊ ግራም ሲሆን በጠቅላላው ከ300 አይበልጥም፤ ከአድሬናሊን ጋር በኪሎ 7 ሚሊ ግራም፣ በጠቅላላው ከ500 አይበልጥም። ስለዚህ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ያለ አድሬናሊን 270 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ይህም ከ1 በመቶው 27 ሚሊ ሊትር፣ ከ2 በመቶው 13.5 ሚሊ ሊትር ነው። አድሬናሊን ካለው ከ1 በመቶው 42 ሚሊ ሊትር ድረስ ይቻላል። ለዚህ ሥራ ከመድኃኒቱ ጥንካሬ ይልቅ ብዛቱ ይጠቅማል፤ ዙሪያውን በሙሉ ማዳረስ ስላለበት 2 በመቶው ብቻ ካለ እኩል ጨዋማ ፈሳሽ ጨምሮ 1 በመቶ ማድረግ ከልክ ሳያልፉ ሰፊ ቦታ ለመሸፈን ያስችላል።

ሊዶካይን ራሱ አሲድነት ስላለው ሲገባ ያቃጥላል። ለ9 ሚሊ ሊትር ሊዶካይን 1 ሚሊ ሊትር 8.4 በመቶ ሶዲየም ባይካርቦኔት ሲጨመር ማቃጠሉ በጣም ይቀንሳል። ቀጭን መርፌ መጠቀም፣ መድኃኒቱን ከሰውነት ሙቀት ጋር ማቀራረብ፣ ቀስ ብሎ መግፋትም ይረዳል። የሚወጋው እብጠቱ ውስጥ ሳይሆን ዙሪያውን ነው፤ መጀመሪያ በሚቆረጠው መስመር ላይ፣ ከዚያ በአራቱም አቅጣጫ፣ በመጨረሻ ከእብጠቱ ስር። ስሩ ከተዘለለ ቆዳው ሲቆረጥ ምንም ያልተሰማው ታካሚ እብጠቱ ከመሠረቱ ሲላቀቅ ይጮኻል። መርፌው በቆመ ቁጥር ከመግፋት በፊት ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ደም አለመኖሩን ማየት ተገቢ ነው። አድሬናሊን ያለው መድኃኒት የደም ስሮቹን እስኪያጠብብ ድረስ 7 እስከ 10 ደቂቃ ይፈልጋል። ብዙ ሰው ቶሎ ይጀምርና ደም ያስቸግረዋል፤ በዚያ ጊዜ ቆዳውን ማጽዳትና ጨርቁን መዘርጋት ይቻል ነበር።

አፍ ዙሪያ መደንዘዝ፣ የብረት ጣዕም፣ የጆሮ ጩኸት፣ ማዞር የመጀመሪያዎቹ የመመረዝ ምልክቶች ናቸው። ታካሚውን እያናገሩ የመሥራት ጥቅሙ ይሄ ነው፤ ዝም ያለ ታካሚ እነዚህን ምልክቶች ሳይናገር ወደ መንቀጥቀጥ ሊያልፍ ይችላል። መድኃኒቱ በዚያው ይቆማል፣ ኦክስጅን ይሰጣል፣ የ20 በመቶ የስብ ፈሳሽ በደም ስር በኪሎ 1.5 ሚሊ ሊትር ይገፋል። ይህ ማዳኛ በክፍሉ ውስጥ ከሌለ ወደ ከፍተኛው መጠን መጠጋት አይገባም።

ቆዳው አልኮል ባለው ክሎርሄክሲዲን ወይም በፖቪዶን አዮዲን ይጸዳል፣ እስኪደርቅ ይጠበቃል። አልኮሉ ሳይደርቅ የኤሌክትሪክ መተኮሻ ከተነሳ ጨርቁ ስር እሳት ሊነሳ ይችላል።

ሽፋኑን ማግኘት

15 ቁጥር ምላጭ ይበቃል። የመስመሩ ርዝመት የእብጠቱን ስፋት ማከል የለበትም፤ ሲሶው እስከ ግማሹ ይበቃል። ምላጩ በቆዳው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ቆዳውን በሙሉ ውፍረቱ ይከፍላል፣ ተራው ስብ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ከዚህ በኋላ ምላጩ ይቀመጥ። ቀሪው ሥራ የመቀስ ጫፍና የጣት ነው።

ሥራው በሙሉ የተንጠለጠለው ቀጥሎ ባለው ነገር ላይ ነው። ተራው የቆዳ ስር ስብ በትንንሽ ፍሬዎች የተከፋፈለና ፈዘዝ ያለ ሲሆን የሊፖማው ፍሬዎች ተለቅ ይላሉ፤ ቀለማቸውም ለየት ይላል፣ ከላያቸውም የሚያብረቀርቅ እጅግ ስስ ሽፋን አለ። ይህን ሽፋን ያላገኘ ሰው ስብን ከስብ እየለየ ሲቆፍር ይውላል፤ ይደማል፣ ቁስሉን ያሰፋል፣ በመጨረሻም ከፊሉን ትቶ ይወጣል። አለማግኘቱ የሚመጣው ደግሞ በብዛት ቶሎ ከመቆሙ ነው። ሽፋኑ ከታሰበው ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። የመቀሱን ጫፍ ዘግቶ ማስገባት፣ ውስጥ ከፍቶ መሳብ፣ በጎዝ ማድረቅ፣ ማየት። የተለየው ስብ ብቅ ሲል ጠርዙ አሊስ በሚባለው ባለ ጥርስ መያዣ ይያዝና ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይሳባል፤ የተሳበ ሽፋን ራሱ የት በኩል መላቀቅ እንዳለበት ያሳያል። ጣት በዙሪያው ይዞራል፣ ልል የሆነው ሁሉ በጣት ይለቃል፣ የማይለቀው ገመድ መሰል ነገር ብቻ በዓይን እየታየ በመቀስ ይቆረጣል። ሳያዩ መቁረጥ የተከለከለ ነው፤ ያ ገመድ የቆዳ ነርቭ ሊሆን ይችላል።

ዙሪያው ከለቀቀ በኋላ ከጎንና ከጎን በአውራ ጣት ሲጫኑት እብጠቱ የበሰለ ፍሬ ከልጣጩ እንደሚወጣ በጠባቡ ቀዳዳ ሾልኮ ይወጣል። እስከ መጨረሻው ግን አይጎተት። ከስሩ ብዙ ጊዜ አንዲት መጋቢ የደም ስር አለች፤ ከተበጠሰች ወደ ውስጥ ትሸሽና የደም ምንጩን ፍለጋ ቁስሉን ማስፋት ግድ ይሆናል። አስቀድሞ በኤሌክትሪክ መተኮስ ወይም በክር ማሰር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ከወጣ በኋላ እብጠቱ ራሱ ይገላበጥና ይታያል፦ ዙሪያው ለስላሳና ሙሉ ነው ወይስ አንዱ ጎን የተቀደደ፣ ፍሬ የጎደለው ይመስላል? ከዚያ ጣት ወደ ባዶው ቦታ ገብቶ ግድግዳውን በሙሉ ይዳስሳል። ሊፖማ ወደ ጎን የሚያበቅላቸው ፍሬዎች አሉት፤ ተቆርጦ የቀረ ፍሬ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ የሚመጣው እብጠት ነው።

ቦታው ሥራውን ይለውጠዋል

ይህ ሁሉ በክንድና በወገብ በኩል እንደተባለው ይሄዳል። ማጅራትና የላይኛው ጀርባ ላይ ግን ቆዳው ወፍራም፣ ስቡም በጠንካራ ክሮች የታሰረ ስለሆነ ሽፋኑ በግልጽ አይለይም፤ በመጭመቅ አይወጣም። እዚያ መስመሩ ረዘም ማለት አለበት፣ መድኃኒቱም ይበዛል፣ ሥራውም ጊዜ ይወስዳል። እዚህ ቦታ ላይ በትንሽ ቀዳዳ አወጣለሁ የሚል ግትርነት ጥቅሙ አይታየኝም።

ግንባር ላይ ያለው ሊፖማ ሌላ ነው። አብዛኛው ከግንባር ጡንቻ ስር፣ አጥንቱን ተደግፎ ስለሚቀመጥ ሲዳሰስ ጠንካራና የማይንቀሳቀስ ይመስላል፤ የቆዳ ስር መስሎት የገባ ሰው ጡንቻው ላይ ደርሶ ግራ ይገባዋል። ቆዳው የሚቆረጠው በግንባሩ ሽብሽብ አግድም ነው፤ ጡንቻው ግን ክሮቹ በሚሄዱበት አቅጣጫ፣ ከላይ ወደ ታች ይከፈላል። የራስ ቆዳ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ በዚያው አቅጣጫ ስለሚወጣ ጡንቻውን አግድም መቁረጥ ከግንባሩ ጀምሮ እስከ አናት የሚደርስ መደንዘዝ ሊተው ይችላል።

አንገት ጎን ላይ፣ ከትልቁ የአንገት ጡንቻ ኋላ ባለው ቦታ፣ ትከሻን የሚያነሳው ነርቭ እጅግ ላይኛው ንጣፍ ላይ ያልፋል። እሱ ከተቆረጠ ትከሻው ይወርዳል፣ ክንድ ከራስ በላይ አይነሳም። በዓይንና በጆሮ መካከል ባለው የራስ ጎን ላይ የግንባር ጡንቻን የሚያንቀሳቅሰው የፊት ነርቭ ቅርንጫፍ፣ ጆሮ ፊት ለፊት ራሱ የፊት ነርቭ፣ ክርን ውስጠኛ ጎን ላይ ወደ ትንሿ ጣት የሚሄደው ነርቭ፣ ከጉልበት በታች በውጭ በኩል እግርን ቀና የሚያደርገው ነርቭ አሉ። በእነዚህ ቦታዎች ያለ እብጠት ትንሽ ቢሆንም በቂ ብርሃን፣ ረዳትና ልምድ ባለበት የቀዶ ጥገና ክፍል ይውጣ።

ባዶው ቦታ

የ4 ሴ.ሜ. እብጠት ሲወጣ የ4 ሴ.ሜ. ጓዳ ይቀራል። ሰውነት ባዶ ቦታ አይተውም፤ በደም ወይም በቢጫ ውኃ ይሞላዋል። ስለዚህ ደሙ ሙሉ በሙሉ መቆሙ ከታየ በኋላ በሚሟሟ ክር፣ አብዛኛውን ጊዜ 3-0 ወይም 4-0 ቪክሪል፣ ጓዳው ከስር ይዘጋል። ክሩ የሚይዘው ስቡን አይደለም፤ ስብ ክር አይሸከምም፣ ሲጠብቅ ይቆረጣል፣ የተቆረጠው ስብም ሞቶ ይፈሳል። መያዝ ያለበት በስቡ መካከል ያለው ጠንካራ ንጣፍና የቆዳው ታችኛ ክፍል ነው። ቆዳው በ4-0 ወይም 5-0 ናይለን፣ አለዚያም ከቆዳው ውስጥ በሚሄድ የሚሟሟ ክር ይገጠማል። ቆዳው በዝቶ ከተጨማደደ በሞላላ ቅርጽ ትንሽ መቀነስ ይቻላል፤ ግን ቆዳ ስለሚሰበሰብ ከመጠን በላይ መቀነስ በኋላ ውጥረት ያመጣል። በጣም ትልቅ ጓዳ ከሆነ ፈሳሽ ማውጫ ቱቦ ይቀመጣል። ከላዩ በታጠፈ ጎዝ ጫን ያለ ማሸጊያ ለ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆያል። ይህች ጫና ብዙ ጊዜ ለይስሙላ ትደረጋለች፤ እኔ ግን ከስፌቱ እኩል እቆጥራታለሁ።

ማደንዘዣው ሲለቅ ሕመሙ በፓራሲታሞል ይቻላል። ተራ ንጹሕ ቁስል አንቲባዮቲክ አይፈልግም። ፊት ላይ ያለ ስፌት በ5 ቀን ገደማ፣ ክንድና ደረት ላይ ከ7 እስከ 10፣ ጀርባና እግር ላይ ከ10 እስከ 14 ቀን ይወጣል። ክሩ ሲወጣ ቁስሉ የዳነ ይመስላል እንጂ ከቀድሞው የቆዳ ጥንካሬ ገና ከ10 በመቶ ያልዘለለ ነው፤ ጀርባው ላይ የተሠራለት ሰው በሳምንቱ ከባድ ዕቃ ቢያነሳ ጠባሳው ይሰፋል፣ ቁስሉም ሊከፈት ይችላል። ከ4 እስከ 6 ሳምንት መታገስ ይበጀዋል።

በመጀመሪያው ቀን ቁስሉ በፍጥነት ካበጠ፣ ከጠነከረ፣ ከወጠረ ደም ተጠራቅሟልና ሌሊትም ቢሆን መታየት አለበት። ከሳምንት በኋላ ሳያም፣ ሳይቀላ ሲዳሰስ የሚዋልል እብጠት ቢመጣ ቢጫ ውኃ ነው። ትንሽ ከሆነ ራሱ ይመጠጣል፤ ትልቅ ከሆነ በንጹሕ መርፌ ይቀዳል፣ ከተቀዳም በኋላ እንደገና ይታሸጋል፣ አለዚያ ተመልሶ ይሞላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ሊፖማው ተመለሰ ብሎ ይደነግጣል፤ ሊፖማ በሳምንት አይመለስም። ሙሉ በሙሉ የወጣ ሊፖማ ተመልሶ የሚመጣው ከመቶ በአንድ ሁለቱ ላይ ነው። መቅላት፣ ሙቀት፣ መግልና ትኩሳት የማመርቀዝ ምልክቶች ናቸው። ቆዳው ዙሪያ ላይ ያለ መደንዘዝ በወራት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ደረት፣ ትከሻና የላይኛው ክንድ ላይ ኬሎይድ የመሥራት ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ ቀድሞ የነበረበት ሰው ከመቆረጡ በፊት ስለ ሲሊኮን ማሸጊያና ስለ ስቴሮይድ መርፌ ይነጋገር።

ስቡን በቱቦ መምጠጥ ጠባሳውን ያሳንሳል፣ ግን ሽፋኑን ስለማያወጣ የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል፤ የወጣውም ስብ ተፈጭቶ ስለሚሆን ለምርመራ አይመችም። ትንሽ እብጠትን በስቴሮይድ መርፌ ማሳነስ ይሞከራል፤ አያጠፋውም፣ ቆዳውን ሊያነጣና ሊያሳሳ ይችላል። ምንነቱ ባልተረጋገጠ እብጠት ላይ ሁለቱንም አልመክርም።

የወጣው እብጠት ወደ ቆሻሻ አይጣልም። ሳይቆራረጥ፣ በ10 በመቶ ፎርማሊን፣ ከራሱ መጠን አሥር እጥፍ በሚሆን ፈሳሽ ውስጥ ተደርጎ፣ የታካሚው ስም፣ ቦታው፣ ጥልቀቱና መጠኑ ተጽፎበት ወደ ፓቶሎጂ (ናሙና በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ክፍል) ይላካል። ፎርማሊኑ ካነሰ መሐሉ ሳይደርሰው ይበሰብሳል፣ ውጤቱም አያስተማምንም። ለታካሚው ውጤቱ የሚመጣበት ቀን ስፌቱ ከሚወጣበት ቀን ጋር አብሮ ይነገረው፤ ክሩ ከወጣለት በኋላ ለወረቀት ብቻ ተመልሶ የሚመጣ ጥቂት ነው። መልሱ ተራ ሊፖማ ከሆነ ክትትል አያስፈልግም። ያልተለመዱ ሴሎች አሉ ከተባለ ግን ያው ሐኪም ቁስሉን ደግሞ አይክፈት፤ መረጃውን፣ የተቆረጠበትን መስመር ሥዕልና የናሙናውን ብሎክ (በሰም ውስጥ የተቀመጠውን ናሙና) ይዞ ታካሚውን የሥጋ ካንሰር ወደሚታከምበት ማዕከል ይላከው።